የአቋቋም መምህሩ ልጅ ኦርኬስትራ ስትመራ

አባቴ ዳባት ውስጥ የአቋቋም መምህር ናቸው። ቤታችን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጋር የተጣበቀ ስለነበር፣ ተማሪዎቻቸው መቋሚያ ይዘው ሲወዛወዙ፣ ከበሮው ሲመታ፣ ጸናጽሉ ሲከተል ሁሉም ይሰማኝ ነበር። ሴት ልጅ ማኅሌት ስለማትቆም ማንም አላስተማረኝም። እኔ ግን ዕቃ እያጠብኩ እንኳ እጄ ውኃው ውስጥ ከዜማው ጋር ይወጣና ይወርድ ነበር። አንዱ ተማሪ ዘግይቶ ሲገባ፣ አባቴ ከመቆጣታቸው በፊት የእኔ ፊት ይጨማደዳል።

ሁለተኛ ደረጃን የተማርኩት ደባርቅ፣ አክስቴ ቤት ሆኜ ነው። እዚያ አንድ የፊዚክስ መምህር ኪቦርድ ነበራቸው፤ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ክፍል ከፍተው ያለማምዱኝ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ በእሳቸው ግፊት አዲስ አበባ ሄጄ ለሙዚቃ ትምህርት ቤት ተፈተንኩ፤ አለፍኩም። ይህንን ለአባቴ መንገር ነበረብኝ።

“እግዚአብሔር የሰጠሽን ጆሮ ለዘፈን ልታውዪው ነው?” አሉኝ።

“አባዬ፣ እርስዎ ዘንድ እንዳልማር ‘ሴት ነሽ’ አሉኝ። እዚያ እንዳልማር ደግሞ ‘የመሪጌታ ልጅ ነሽ’ ይሉኛል። እንግዲያ የት ልቁም?”

መቋሚያቸውን አንስተው ወጡ። በማግስቱ እናቴ የራሷን ጋቢ አልብሳኝ እስከ መኪናው ሸኘችኝ። አላለቀሰችም። “ከሄድሽ አይቀር ጨርሰሽው ነይ” አለችኝ፣ በሩ ሊዘጋ ሲል።

ከአዲስ አበባ በኋላ የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቼ አውሮፓ ገባሁ። ኦርኬስትራ መምራት መማር እንደምፈልግ ስናገር ብዙዎች ፈገግ ይሉ ነበር። ለመግቢያው ፈተና በኦርኬስትራ ፈንታ ሁለት ፒያኖ ተጫዋቾች ፊት አቆሙኝና ምሪ አሉኝ፤ መራሁ። ከፈታኞቹ ትልቁ መነጽራቸውን አውልቀው፣ “ጆሮሽ ድንቅ ነው። ግን መሪ ማለት የሚያዝ ሰው ነው፤ አንቺ ለምነሽ ነው የምታስገቢያቸው። የሕፃናት መዘምራን ብትሞክሪ ይሻልሻል” አሉኝ። ወደቅኩ ማለት ነው።

ከክፍሌ ለሦስት ቀን ያህል አልወጣሁም። ከዚያ ተነስቼ ሥራ ፈለግኩ። አንድ ኦፔራ ቤት፣ መድረኩ ጫፍ ላይ ካለች ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ ለዘፋኞቹ የሚቀጥለውን ቃል በሹክሹክታ የሚያቀብል ሰው ይፈልግ ነበር። በቃል መያዝ ደግሞ የቤታችን ልማድ ነው፤ ቀጠሩኝ። ከዚያች ጉድጓድ ሆኜ የመሪውን እጅ ከማንም በላይ በቅርብ አያለሁ። አንዱ መሪ ሲያስፈራራ፣ ሌላው ሲያባብል፣ ሌላዋ ደግሞ ዝም ብላ በዓይኗ ስታስገባ አየሁ። በሁለተኛው ዓመት ተመልሼ ተፈተንኩ። እኚያው መነጽር ያላቸው ሰውዬ ነበሩ። በዚህኛው ጊዜ አልለመንኩም፤ አስገቡኝ።

ትምህርቱን ጨርሼ በሌላ ከተማ ኦፔራ ቤት የመሪው ረዳት ሆንኩ። ረዳት ማለት ሁሉን እያወቀ ምንም የማይሠራ ሰው ነው። በር ላይ ያለው ጥበቃ በየጊዜው፣ “የትኛዋ ዘፋኝ ረዳት ነሽ?” ይለኛል። “የዘፋኝ አይደለሁም” እላለሁ፤ በማግስቱ ያንኑ ይጠይቀኛል።

አንድ እሁድ፣ ትርዒቱ ከሰዓት በኋላ ሊጀመር፣ መሪው በትኩሳት መውደቁን ሰማን። የቤቱ ሥራ አስኪያጅ ኮሪደር ላይ አገኘችኝ።

“ይህን ኦፔራ ታውቂዋለሽ?”

“ቃል በቃል።”

“ቃሉን አልጠየቅኩሽም። ልትመሪው ትችያለሽ?”

“እችላለሁ።”

ገብቼ መሪው ቦታ ላይ ቆምኩ። የመጀመሪያው ክፍል አላማረም። ተጫዋቾቹ በለመዱት ፍጥነት ይሮጣሉ፤ ከፊት የተቀመጠችው ዋና የቫዮሊን ተጫዋች ቀና ብላም አታየኝም። እኔ ይበልጥ እጄን በወነጨፍኩ ቁጥር እነሱ ይበልጥ አንገታቸውን ደፉ። ሁለተኛው ክፍል ሲጀመር እንቅስቃሴዬን አሳነስኩት። የምትንቀሳቀሰው ጣቴ ብቻ እስክትሆን ድረስ አሳነስኩት። ላለመሳት ሲሉ አንድ በአንድ ቀና ማለት ጀመሩ፤ የቫዮሊኗ ሴትዮም አየችኝ። ዓይናቸውን ካገኘሁ በኋላ ኦፔራው የእኔ ሆነ።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ተከፈተ። ከከተማ ከተማ፣ ከኦርኬስትራ ኦርኬስትራ እየጠሩኝ ብዙ ዓመት ሠራሁ፤ ስሜ በግድግዳ ላይ ተለጠፈ። አባቴ ግን ስደውል ስለ ጤናዬና ስለ ጾም ይጠይቁኛል እንጂ ስለ ሥራዬ አንድ ቃል አይወጣቸውም። እናቴ አርፋ ለተዝካሯ ዳባት የመጣሁ ጊዜ ነው ነገሩ የተነሳው። የቀድሞ ተማሪያቸው፣ አሁን ቄስ ነው፣ ሳልጠይቀው ስልኩን አውጥቶ አንድ ዝግጅቴን አሳያቸው። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ረጅም ሰዓት አዩ።

“ግራ እጅሽ ቀኙን ይቀዳል” አሉ በመጨረሻ። “ሁለቱ አንድ ሥራ ከሠሩ አንዱ ቦዘነ ማለት ነው።”

“መምህሮቼም ነግረውኛል አባዬ። ሲደክመኝ ይመለስብኛል።”

“ድምፁ ደግሞ…” ስልኩን መለሱለት። “ይሄ ትንኝ ነው እንጂ ድምፅ አይደለም።”

አውሮፕላን የሚሳፈሩበት ዕድሜ አልፏል። ስለዚህ እኔ ድምፁን ራሱን ላመጣላቸው ወሰንኩ። እምቢ የማይሉኝን ባልደረቦች ለመንኩ። ደባርቅ ሁለተኛ ደረጃ የምታስተምር አንዲት የእንግሊዝኛ መምህርት፣ ከአንድ ኦፔራ የመረጥኩትን፣ ሕዝቡ በአንድነት የሚዘምረውን መዝሙር በስልክ ከምልክላት ቅጂ ለተማሪዎቿ አስጠናች። መንገዱ ተዘግቶ ቀጠሮውን አራዘምን። እንደገና ተዘጋ፤ እንደገና አራዘምን። “ተይው፣ ቢቀር ማንም አይቀየምሽም” ያሉኝ ነበሩ። አልተውኩትም።

በመጨረሻ ከጎንደር በሚኒባስ ወጣን። ሰው የሚያህለውን ባለ ክር መሣሪያ፣ ኮንትራባሱን፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለን ጣሪያው ላይ አሰርነው። አምባ ጊዮርጊስ ስንቆም ገበያተኛው ቆቡን አወለቀ፤ አንዲት ሴት ወደ ሾፌሩ ተጠግታ “የት ነው የሚቀበሩት?” አለችው። “ሙዚቃ ነው እማማ” ቢላትም አላመነችውም።

ደባርቅ ላይ ሌላ ጣጣ ገጠመን። ሆርን የሚነፋው ባልደረባዬ ከፍታው ትንፋሽ አሳጥቶት፣ የዜማው ግማሽ ላይ እየቆመ ደረቱን ይይዛል። “እዚህ አገር አየር የለም” አለኝ። “አለ፣ ግን ቀስ ተብሎ ነው የሚሳበው” አልኩትና ረጅሙን ዜማ ከክላሪኔቱ ጋር እንዲካፈሉት አደረግኩ። በብርዱ ክሮቹ ቃናቸውን እየሳቱ ደጋግመን ቃኘን።

በዝግጅቱ ቀን የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሞላ። አባቴ ከዳባት መጥተው፣ ጥምጥማቸውን አድርገው ከፊት ተቀመጡ። ተማሪዎቹ መዝሙሩን ከጀመሩ ብዙም ሳይቆይ በረዶ የቆርቆሮውን ጣሪያ ይቀጠቅጠው ገባ። ቫዮሊኑም ጠፋ፣ ዘፈኑም ጠፋ፤ አፎች ይከፈታሉ፣ እኔ ራሴ ምንም አልሰማም። አንዳንድ ልጆች ወደ መምህርታቸው መዞር ጀመሩ። እጄን አላወረድኩም። ዓይኔን በእነዚያ በዞሩት ላይ ተክዬ በቀኜ ምቱን ያዝኩ፤ በግራዬ ወንዶቹን አስገባሁ፣ ሴቶቹን አስገባሁ። በረዶው እንደ አመጣጡ ድንገት ሲያቆም ድምፁ ከሥሩ ብቅ አለ፤ ተጫዋቹም መዘምሩም አንድ ቦታ ላይ፣ አንድም ቃል ሳይዛነፍ።

ሰው ከተበተነ በኋላ አባቴ ክንዴን ይዘው ቀስ እያልን ወጣን። ደጁ ነጭ ሆኗል።

“በረዶው ሲመጣ ለምን አላቆምሽም?”

“ካቆምኩ የምሰበስባቸው አልመሰለኝም።”

“ልክ ነሽ” አሉ። ስለ ዜማ እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። ጥቂት ተራመዱና፣ “ወንዶቹ ግን ዜማው ሲወርድ ይደፈጥጡታል። ልጆቹ አይደሉም ጥፋተኞቹ፣ ቸኩለሻል” ሲሉ ጨመሩ።

“ጊዜ አጥሮኝ ነው።”

“ታዲያ ቆዪና አስጠኚያቸዋ።”

በማግስቱ ባልደረቦቼን ወደ ጎንደር ሸኘሁና በረራዬን አራዘምኩ። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤቱ ስሄድ መምህርቷ አዳራሹን ከፍታ ወንበሮቹን ትደረድራለች። ወንዶቹን ለብቻ አቆምኳቸው፤ ወደ ታች የሚወርደውን ስፍራ ብቻ፣ እስኪጠራ ድረስ ደጋገምነው። ምሳ ሰዓት ላይ ጠራ። ከዚያ ሴቶቹን ጠራኋቸው።