«እኔን!» ያለው አዳራሽ

እናቴ በእኔ ስቃ አታውቅም ነበር።

ይህን ስናገር ሰው ይገርመዋል። በልጇ የማትስቅ እናት ምኗ ይከፋል? ይከፋል እንጂ! ታላቅ እህቴ ሽሮ ካሳረረች «አንቺ ገልቱ!» ብላ ትሰድባትና ትንሽ ቆይታ ለጎረቤት እየተረከች እስክታነባ ትስቃለች። ወንድሜን «አውደልዳይ» ትለዋለች፤ ትከሻውን እየነቀነቀ የሚሄደውን አካሄድ እያስመሰለች መሳቂያ ታደርገዋለች። ወደ እኔ ስትዞር ግን ፊቷ ሌላ ይሆናል። እኔ «የኔ ምስኪን» ነኝ። ሽሮ ባሳርርም ምስኪን፣ ሳህን ብሰብርም ምስኪን። ልጅ ሳለሁ አንዴ ተናድጄ የምትሳሳለትን ብርጭቆ መሬት ላይ ከሰከስኩት። «እኔን! እጅሽን ቆረጠሽ እንዴ?» አለችኝ። በንዴት አለቀስኩ። እሷም አሞኝ መስሏት አብራኝ አለቀሰች።

ግራ እግሬን ገና በሕፃንነቴ ፖሊዮ ያዘው። በክራንች ነው የምሄደው። እናቴ ከቁስቋም ሽቅብ አዝላኝ እንጦጦ ማርያም ጸበል ስታመላልሰኝ ጉልበቷ እንዳለቀ አውቃለሁ። ስለዚህ ብቆጣም ቁጣዬ በእሷ ላይ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ በእሷም ላይ ነው።

ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ተቀምጠው የሚጫወቱት መረብ ኳስ ቡድን ውስጥ ገባሁ። መረቡ ዝቅ ይላል፣ ሁላችንም ወለል ላይ በመቀመጫችን እየተንሸራተትን እንጫወታለን። እርስ በርስ የምንባባለውን ቄስ ባይሰማው ይሻላል። የሰፈራችን ፊልም ሠሪ ወጣቶች አንድ ቀን ልምምዳችንን ሊያዩ መጥተው በሳቅ ሆዳቸውን ይዘው ወጡ። በቃ፣ ኮሜዲ እንሥራ ተባለ። ተዋንያኑ እኛው፣ ታሪኩም የእኛው።

እኔ የሰጠኋቸው ታሪክ ዊንጌት ላይ የደረሰብኝን ነው። ታክሲ እየጠበቅኩ ሳለ አንድ ደግ ሰውዬ ሳይጠይቀኝ ክንዴን ያዘና መንገድ አሻገረኝ። «ወንድሜ፣ እኔ እኮ...» ስለው «ችግር የለም እህቴ፣ ለነፍሴ ነው» ይላል። ማዶ ቆሜ ስወዛገብ አንዲት ደግ ሴትዮ አየችኝና እሷም ይዛ መለሰችኝ። ሁለቱም መርቀውኝ ሄዱ። ታክሲውም ሄደ። በፊልሙ ላይ ለዋንጫ ጨዋታ የማረፍደው በዚሁ ምክንያት ነው።

ፊልሙ የታየው አንድ እሑድ ከሰዓት፣ በሰፈሩ የወጣቶች አዳራሽ ውስጥ ነው። ከቅዳሴ የመጡት እናቶች ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ ጴንጤ ጎረቤቶቻችንም ከነልጆቻቸው መጡ። እናቴ ዕድርተኞቿን አስከትላ ገባች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። የእኔ ሒሳብ ቀላል ነበር፦ ሳቅ ይጋባል፤ አዳራሹ ሲስቅ እሷንም ሳታስበው ሳቅ ያመልጣታል። አንድ ጊዜ ብቻ ያምልጣት። ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

መብራቱ ጠፋና ያ ዊንጌት ላይ የሚሆነው መጣ። ደጉ ሰውዬ ክንዴን ሲይዝ አዳራሹ በሙሉ «ተባረክ!» አለ። ደጓ ሴትዮ ስትመልሰኝ ደግሞ ከኋላ አንዲት እናት «እንዲህ ያለችውን ያብዛልን!» አሉ። ጭብጨባ ሁሉ ነበር። እኔ ስክሪኑ ላይ ዓይኔን አፍጥጬ ታክሲው ሲያመልጠኝ እያየሁ፣ ሕዝቡ ለጎታቾቼ ያጨበጭባል! ጎን ለጎን የከንፈር መጠጣው ወረደ። ከንፈር ሲመጡ አዳራሹ ጣራ ላይ ካፊያ የጣለ ይመስል ነበር።

የሚስቁት የቡድናችን ልጆች ብቻ ናቸው። ከፊት ረድፍ ተደርድረው ይንፈራፈራሉ። አንዲት እናት አላስቻላቸውም፤ በጨለማው ጎንበስ ብለው አንዱን ተጫዋቻችንን «ልጄ፣ በዚህ አይሳቅም፤ ነግ በኔ በል!» አሉት።

«እማማ፣ ለእኔማ ትናንት ሆኗል» አላቸውና የተቀመጠበትን ዊልቸር መታ መታ አደረገ።

እሳቸውም «እኔን አፈር ያድርገኝ» ብለው ከንፈራቸውን መጠጡለት። ምን ታደርጋቸዋለህ?

የመጨረሻ ተስፋዬ የዋንጫው ጨዋታ ነበር። ኳሷን ለማዳን ስንሸራተት አልፌ ዳኛው ጠረጴዛ ሥር እገባና የዳኛውን ፊሽካ በአፌ ይዤ ብቅ እላለሁ። ሲቀረጽ ካሜራ የያዘው ልጅ በሳቅ እየተንቀጠቀጠ ደጋግመን ነው የሠራነው። አዳራሹ ግን ገና ስንሸራተት ብድግ አለ። «እኔን!» ሁሉም በአንድ ድምፅ። እናቴማ «ድፍት ያድርገኝ!» ብላ ጉልበቴን ጨመደደችው።

«እማዬ፣ እዚህ ነኝ እኮ» አልኳት።

«ዝም በይ! ወደቅሽ እኮ!»

አሠልጣኙ «ተነሺ፣ እዚያው ልታድሪ ነው?» ብሎ ሲጮህብኝ «ምን ዓይነት አረመኔ ነው!» የሚል ጉምጉምታ ተነሳ። ፊሽካውን ማንም አላየውም፤ ሁሉም ዓይኑን እየጠረገ ነበር።

መብራት ሲበራ የዕድሩ ሊቀመንበር ተነስተው «እጅግ አሳዛኝ፣ እጅግ አስተማሪ ፊልም ነው፤ እንባችንን መቆጣጠር አልቻልንም» ብለው አመሰገኑ። ዳይሬክተራችን ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ «ኮሜዲ እኮ ነው» አለኝ በሹክሹክታ። ማን ይንገራቸው?

እነዚህን ሰዎች እወዳቸዋለሁ። ከልቤ ነው። የእውነት ብወድቅ ተሸክመው ሆስፒታል የሚያደርሱኝ እነሱ ናቸው። «እኔን» ደግሞ ትልቅ ቃል ነው፤ በአንቺ ፈንታ እኔ ልውደቅ ማለት ነው። ግን ሰው ሁሉ በእኔ ፈንታ ልውደቅ ካለ፣ እኔ መቼ ወድቄ፣ መቼ ይሳቅብኝና መቼ ልነሳ? ዓመታት ሙሉ ስከራከርበት የኖርኩት ነገር ይኸው ነው፤ አሁንም መልሱን በደንብ አላገኘሁትም።

ስንወጣ፣ እኛ ውስጥ ሳለን ሲጥል የቆየው ዝናብ አባርቷል። የሰፈራችን ዳገት ኮብልስቶኑ ሙልጭልጭ ብሏል። እናቴ እንደ ልማዷ ክንዴን ያዘች። አላስቻለኝም።

«እማዬ፣ ትንሽ እንኳ አላሳቀሽም?»

«በምን ልሳቅ? በልጄ መውደቅ?»

«እህቴ ስትወድቅ ትስቂ የለ?»

ክንዴን ይበልጥ ጠበቅ አደረገች። «እሷ ሌላ» አለች።

ይህች ቃል አንጀቴን ቆረጠችው። ክንዴን አስለቀቅኩና ቀድሜያት ሄድኩ። ብዙም ሳልርቅ ከኋላዬ ዷ! የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል እናቴ መንገዱ መሃል በመቀመጫዋ ወድቃ ጭቃ ውስጥ ተዘርፍጣለች።

«እኔን!» አልኩ። ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

ከሱቅ በራፍ ላይ ሁለት ሰዎች ዘለው መጡ። መጥተው እኔን ያዙኝ! ግራና ቀኝ ክንዴን አንቀው «አይዞሽ እህቴ! ተጎዳሽ?» እያሉ ወደ ዳር ይወስዱኛል።

«እኔ አይደለሁም! እናቴ ናት የወደቀችው!»

«ደንግጣ ነው፤ ውኃ አምጡላት» ይላል አንዱ። እግሬ መሬት አይነካም፤ ክራንቼ አየር ላይ ይወዛወዛል።

እናቴ አፏን ከፍታ ስታየን ቆየች። ከዚያ «ኧረ እኔ ነኝ የወደቅኩት!» ብላ ጮኸች፤ ጩኸቷ መሃል ላይ ተሰበረና ሳቅ ሆነ። ሰዎቹ ደንግጠው ለቀቁኝ። እሷ ወደ እኔ እየጠቆመች፣ ነጠላዋ ጭቃ ላይ ተንዘላዝሎ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ትስቃለች።

«ያ... ያ ዊንጌት ያሻገረሽ ሰውዬ...» ትንፋሽ አጠራት። «እውነት ነው እንዴ?»

«እውነት ነው።»

«መመለሱም?»

«መመለሱም።»

እንደገና ፈነዳች። እኔም አልቻልኩም። ሁለቱ ሰዎች አንዴ እሷን አንዴ እኔን እያዩ ቆሙ፤ ጤና እንደሌለን ሳይጠረጥሩ አልቀሩም።

«ታዲያ ምን ቆመሽ ታይኛለሽ?» አለች በመጨረሻ። «አንሺኝ እንጂ፣ ገልቱ!»

ገልቱ። ዕድሜ ልኬን የጠበቅኩት ስድብ ነው። ክራንቼን ዘረጋሁላት፤ ይዛ ተነሳች።

ቤት ስንደርስ እህቴ በራፉ ላይ ቆማ «ምን ሆናችሁ?» አለች። እናቴ ጭቃዋን ሳታራግፍ ትረካውን ጀመረች። ሁለቱ ሰዎች እንዴት አንጠልጥለው እንደወሰዱኝ ለማሳየት ከጥግ መጥረጊያ አነሳችና እንደ ክራንች ብብቷ ሥር አስገባችው። እዚህ ላይ ቆም ብላ አየችኝ። ፊቷ የድሮው፣ «የኔ ምስኪን» የሚለው ሊሆን አፋፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«በቀኝ ነው የምይዘው» አልኳት።

መጥረጊያውን ወደ ቀኝ አዛወረችና እያነከሰች ሄደች።