አሜሪካንና ሩሲያን ያስታረቅሁበት ክረምት

ሞኝነቴን ራሴ ልናገር፤ ሌላ ሰው ከተናገረው ይጨምርበታል። በሃያ ዓመቴ አሜሪካንና ሩሲያን አስታርቄያለሁ። ትናንት በቴሌቪዥን የሁለት ታላላቅ አገሮች መሪዎች ሲጨባበጡ፣ ልጄ «አባዬ፣ እንግዲህ ሰላም ሆነ ማለት ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ የጠቀለልኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩ።

ያኔ፣ በንጉሡ ዘመን፣ ቢቸና አስተማሪ ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ አለማየሁ ወታደር ሆኖ ኦጋዴን ጠረፍ ላይ ነው። እኛን አሜሪካ ታስታጥቃለች፣ ሶማሊያን ደግሞ ሩሲያ ልታስታጥቅ ነው ይባላል። ሞጣ ያለችው እናታችን፣ ልጇ በደኅና እስኪመለስ ራሷን ቅቤ ላትቀባ ተስላለች።

አንድ ቀን ጠጅ ቤት ቁጭ ብዬ ሳለ፣ ሬዲዮው አሜሪካና ሩሲያ ስለ አቶም ቦምብ ተስማምተው ተፈራረሙ አለ። እኔ የያዝኩት «ተስማሙ» የሚለውን ብቻ ነው። ለፍልሰታ ፍቺ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቴ እየዋጠኝ፣ የሞላ ወንዝ እስኪጎድል ዳር ላይ እየጠበቅሁ ሞጣ ገባሁ። የዶሮው ወጥ ገና ሳይወጣ ወሬዬን ዘረገፍኩት።

«ሁለት ደመኛ ጌቶች ሲታረቁ ወገናቸው ሁሉ ጠመንጃውን ያወርድ የለም? ጌቶቹ ከታረቁ ሎሌው ከማን ጋር ይዋጋል? አለማየሁ መምጣቱ ነው!»

ጎረቤታችን የቅኔው መምህር ብቻ ዋንጫቸውን አስቀመጡ። «አንተ፣ ማን ሸመገላቸው? ዋሳቸውስ ማን ነው?»

«ዋሳቸው አቶም ነው፣ የኔታ!» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉም አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

በማግስቱ እናቴ ለጋ ቅቤ አስመጥታ ተቀባች። ስለቷን በእኔ ምስክርነት ፈታችው። ቅቤው በግንባሯ ሲወርድ በሻሿ ጫፍ እየጠረገች፣ «ምነው አሁን መጥቶ ባየኝ!» ትል ነበር።

ለመስቀልም ቤት ነበርኩ። ጎሕ ሲቀድ በር ሲንኳኳ፣ አለማየሁ መስሎኝ እየሮጥኩ ከፈትኩ። መርዶ ነጋሪዎቹ ሽማግሎች ቆመዋል። ወንድሜ የወደቀው በዚያው በፍልሰታ ፍቺ ሰሞን ነው፤ እኛ ስንስቅ። ሴቶቹ ቅቤውን ከእናቴ ጠጉር በአመድ አሽተው አስለቀቁና ራሷን ላጯት።

ቀልድ እስከ ዛሬ አልተውኩም፤ ያለ እሱ አልቆምም። ግን ትልልቆቹ ተጣሉ ሲባል እፈራለሁ፤ ታረቁ ሲባል ደግሞ የባሰ እፈራለሁ። እናቴ አልተቆጣችኝም። ከአርባው በኋላ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደለበሰች፣ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«ሬዲዮውን በጆሮህ የሰማኸው አንተ ነህ» አለችኝ። «ሲታረቁ የእኛን ልጆች አንስተዋቸው ነበር?»