ለቅሶ ያልተቀመጠው ጎረቤት

ወንድሜ የሞተው ቀይ ቡና በሚለቀምበት ወር ነው። ቴፒ አጠገብ ካለው ማሳችን አብረን ስንለቅም ዋልን። በማግስቱ ታመመ፤ በሦስተኛው ቀን አልነበረም። ስለዚያ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም። የምጽፈው ስለ ጎረቤታችን ነው።

ጎረቤታችን ከጅማ በኩል የመጣ ሙስሊም ነው፤ የወንድሜ የልብ ጓደኛ። የቡና ማድረቂያ አልጋዎቻችን እንኳ ጎን ለጎን ናቸው። ቀብር ላይ አየሁት፤ ከዚያ ጠፋ። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ዓይኔ እሱን ሲፈልግ ይውል ነበር። ወንድሜን እንደ እኔ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።

በሁለተኛው ቀን አክስቴ ከውጭ ገባች።

«ያ ጓደኛ ተብዬው ሸራ ገልጦ ቡና ያገላብጣል። ያውም እያፏጨ!»

«ለካ ቡና ከሰው ይበልጥበታል» አሉ አንድ ሽማግሌ።

እኔም አመንኩ። ድሮም ልቡ ደረቅ ነው አልኩ። ከእንግዲህ ሰላም ላልለው ወሰንኩ።

ድንኳኑ ሲነሳ የእኛ ቡና ትዝ አለኝ። ለቅሶ ቤት ሥራ አይነካም፤ ዝናቡ ደግሞ በየቀኑ ይጥል ነበር። ሻግቶ ይሆናል ብዬ ሄድኩ። ጎረቤታችን የእኛ አልጋ ላይ አጎንብሷል። ቡናው በስሱ ተሰጥቷል፤ ሻጋታ የለውም።

«ጋሼ፣ ለምን አልነገርከንም?»

«ለቅሶ ቤት ገብቼ የቡና ወሬ ላውራ? ሦስት ቀን ሸራ ስገልጥ ስሸፍን ሰነበትኩ። ወንድምህን ታውቀው የለ? ቡናዬን አሻገትከው ብሎ በህልሜ እንዳይጨቀጭቀኝ ፈራሁ።»

ሳቅኩ። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

«ታፏጫለህ ተብሏል» አልኩት።

«ዝም ካልኩ አለቅሳለሁ። ደግሞ ቡናው ይረጥባል!»

የታማውን ሁሉ ነገርኩት፤ እኔም እንዳመንኩ ጭምር። አልተቆጣም። ያኔ ሌላ ነገር ታወሰኝ፤ አፈርኩ።

«አምና እናትህ ሲሞቱ እኔ ሚዛን ከተማ ተማሪ ነበርኩ። አልመጣሁም።»

«ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት አልነበር እንዴ?» አለኝ።

እውነት ነው፣ ተቆርጦ ነበር። ለራሴም ያንኑ ብዬ ነበር። እሱ ግን ሳልነግረው ምክንያት አስቦልኛል። እኔ ለእሱ አንድ ምክንያት እንኳ አልፈለግኩም። ክፉ ልብ ብቻ ሰጠሁት።

ከአልጋው ማዶ ቆሜ ማገላበጥ ጀመርኩ።

«ቀስ በል አንተ፣ ሊጥ አይደለም!» አለኝ። እስኪመሽ ስለ ወንድሜ አወራን።