በማጥበቂያው በኩል

ባልቴቷ ለጋራዥ የማይሆን ነጭ ጫማ አድርገው፣ የቀረበላቸውን ወንበር ትተው፣ ከአሮጌዋ መኪና አጠገብ ቆመዋል። መካኒኩ ባለ ሽቦውን ጎማ አንቆ የያዘውን ባለ ሁለት ጆሮ ዳዶ በጨርቅ ጠረገው። ጆሮዎቹ በመዶሻ ብዛት ተጨፍልቀዋል፤ ምቱ ሁሉ ያረፈው ግን በማጥበቂያው በኩል ነው።

«ባለቤቴ ነው» አሉ ባልቴቷ። «እስኪሞት ድረስ በየእሑዱ ሊፈታው ሲታገል ልጆቹ ይስቁበት ነበር። እኔም አንዴ ‹በሌላ በኩል ሞክረው› ብዬው ሳምንት ሙሉ አኩርፎኛል።»

መካኒኩ ዳዶውን ዘይት አጠጥቶ ቆየና ከወዲያ በኩል መታው። ጥቂት እንደደበደበው ላላ፤ ጎማውም ተጎትቶ ወጣ። የባልቴቷ ፊት ግን አልተፈታም።

«በቃ? ይኸው ነው?» አሉ፣ የሰው ዕድሜ ልፋት እንዲህ ሊቀል አይገባም የሚሉ ይመስል።

መካኒኩ ጎማው የሚመለስበትን ብረት ግራሶ እየቀባ፣ ቀና ሳይል፣ «እሳቸው ናቸው እኮ አላልተው የተዉልኝ፣ እማማ» አለ።

ባልቴቷ አዩት፤ ከዚያ ሄደው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

«ውሸት አትችልበትም፣ ልጄ» አሉ። «ልጆቼ መኪናዋን ሊወስዱ ሲመጡ ግን ልክ እንደዚሁ ንገርልኝ።»