ፊልትሮ ይዤ ወደ ምንጃር

ሚስቴንና በዓይኔ አይቻት የማላውቃትን ልጄን ላመጣ ከቂርቆስ ወደ ምንጃር የተነሣሁት ጣልያን አዲስ አበባን በያዘ በሦስተኛው ዓመት፣ በጥር ወር ነው። አሰለፈች ከተማው በታረደበትና ቤቱ በነደደበት የካቲት ማግስት፣ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ሆና ወደ እናቷ አገር ሸሽታለች። ልጅቷ እዚያው ተወለደች። ስሟ ብርቄ መሆኑን የሰማሁት ከእህል ነጋዴ አፍ ነው። የይለፍ ወረቀት ለማግኘት ዓመት ከመንፈቅ ደጅ ጠናሁ፤ ሲሰጡኝም የስምንት ቀን ሆነ።

መንገዱ እስከ ሞጆ በባቡር፣ ከሞጆ ወዲያ ሁለት ቀን በእግርና በበቅሎ ነው። ሽፍታውም ኬላውም ያስፈራል። እኔን ግን እንቅልፍ የነሣኝ ውሃው ነበር። ምንጃር ጤፉን እንጂ ውሃውን አምላክ አላደለውም፤ በበጋ ሰውና ከብት ከአንድ ኩሬ ነው የሚጠጡት። የመጀመሪያ ልጃችን ታደሰ፣ ጣልያን ሳይገባ፣ በሦስት ዓመቱ፣ አያቱ ቤት በገባን በአራተኛው ቀን በተቅማጥ ሞቶብናል። በቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ እየሰማኝ «የዚህ አገር ኩሬ ልጄን በላው! ውሃውን የቀዱለት አያቱ ናቸው!» ብዬ ጮህኩ። አማቴ ወይዘሮ በላይነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ቃሉ አገር አዳረሰ። ሁለተኛዋን ልጅ ግን ውሃ አይወስድብኝም ብዬ ማልኩ።

ካዛንቺስ፦ ሦስት ዕቃ፣ አንድ ኪስ

ለጉዞው ስሰናዳ ካዛንቺስ ለጣልያን ሹማምንት የሚሠሩትን ቤቶች ቀለም እቀባ ነበር። ያገሬን ሰው የገደለ ሰው የሚተኛበትን ክፍል ነጭ መቀባት ምን እንደሚመስል አልጽፍም፤ ደመወዙን ግን እወስድ ነበር። ለጉዞው የሚሆን የውሃ ማጣሪያ ማፈላለግ የጀመርኩትም እዚያው ነው።

የመጀመሪያው ምርጫ ከዐረብ ሱቅ የሚሸጠው ወይን ጠጅ መልክ ያለው ዱቄት ነበር። ቆንጥረህ ውሃ ውስጥ ትጥለዋለህ፣ ውሃው ሮዝ ይሆናል። ኪስ አይከብድም፣ ዋጋውም ቀላል ነው። ነገር ግን ሱቀኛው ራሱ መጠኑን አያውቅም፤ ስጠይቀው «እስኪቀላ» አለኝ። ለሕፃን አፍ «እስኪቀላ» የሚባል መለኪያ አልወደድኩም። ሁለተኛው ቧንቧ ያለው የሸክላ ጋን ነው፤ ውሃውን እንደ ምንጭ ያጠራዋል፣ ግን እሱን የጫነች በቅሎ ሚስቴን አትጭንም። ሦስተኛውን ያሳየኝ የቤቶቹን ቧንቧ የሚዘረጋው ሽማግሌ ጣልያን ነው፤ ሙሴ ጆቫኒ እንለው ነበር። ክንድ የማይሞላ የቆርቆሮ ቱቦ ነው፤ ሆዱ ውስጥ ሻማ የመሰለ ነጭ ሸክላ አለው። ጎማውን ኩሬ ውስጥ ነክረህ እጀታውን ስትገፋ፣ ውሃው በሸክላው ውስጥ ሰርጎ ጠርቶ ይወጣል። ፊልትሮ ይለዋል።

«ቅባት የለም፣ ሳሙና የለም፣ ጭስ የለም» አለኝ ጣቱን እየቆጠረ። «ብሩሽና ውሃ ብቻ። ጥቃቅን ቀዳዳ አለው፣ ቀዳዳው ከተደፈነ ሞተ። ከተሰነጠቀም ሞተ።»

የሁለት ሳምንት ደመወዜን ሰጥቼ ወሰድኩት። አብሮኝ የሚለስነው ሸምሱ፣ የጉራጌ ልጅ ነው፣ አገላብጦ አየና ሳቀብኝ።

«ተክሌ ሙት፣ አብደሃል! በቃ ድስት ያዝና አፍላው። ማለቴ፣ ውሃ እሳት ካየ ምን ይቀረዋል?»

«ምንጃር እንጨት የለም።»

«ኩበት የለም?»

ድስት ይዞ መሄድ ለኔ ማጣሪያ አልመሰለኝም። እውነቱን ልናገርና፣ የፈለግሁት ንጹሕ ውሃ ብቻ አልነበረም። አማቴ የሚያዩት ዕቃ ፈልጌ ነበር።

ማክሰኞ ማለዳ፣ ለገሃር

በሦስተኛ ማዕረግ ተሳፈርኩ። ከመሳፈሬ በፊት ወታደሩ ከረጢቴን አስፈታና ቱቦውን ሲያይ ወደ ኋላ አፈገፈገ። አስተርጓሚው «ምንድን ነው? ቦምብ ነው እንዴ?» አለኝ። ከሰው ኮዳ ውሃ ለምኜ በቱቦው ገፋሁና ጠጣሁላቸው። ወታደሩም ሳቀ፣ ይለፍ ወረቀቴ ላይም ማኅተም መታልኝ። እስከ ሞጆ ድረስ ተሳፋሪው ሁሉ ስለ ፊልትሮው ጠየቀኝ፤ እኔም ያወቅሁትንም ያላወቅሁትንም አስረዳሁ።

ሞጆ አድሬ አንዲት ጥቁር በቅሎ ለስድስት ቀን ተከራየሁ። ረቡዕ ንጋት ላይ መንገድ ጀመርኩ። ጤፉ ታጭዶ ሜዳው የቀረው ገለባ ብቻ ነው፤ ከግራር በቀር ጥላ የለም። እኩለ ቀን ላይ ከሦስት ነጋዴዎች ጋር አንድ ኩሬ ዳር ዐረፍን። እነሱ ነጠላ ዐጥፈው በውሃ ቅላቸው አፍ ላይ አድርገው አልቅቱን እያጠለሉ ጠጡ። እኔ ፊልትሮዬን አወጣሁ። ከላይ ከብት የቆመበት ውሃ በኔ ጣሳ ኩልል ብሎ ወረደ።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አልኳቸው።

ትልቁ ነጋዴ ጣሳውን ተቀብሎ ቀመሰና «ግሩም ነው» አለ። «ግን ወንድሜ፣ አንድ ጣሳ እስክትሞላ እኛ ጠጥተን ጨረስን።» ተሳሳቅን፣ ተነሣን።

ከዚያ ወዲያ ብቻዬን ቀረሁ። ማታ ሳይደርስ አንድ ደረቅ ወንዝ ተሻገርኩ። እዚያ ወንዝ ውስጥ፣ ከቋጥኝ ሥር፣ በበጋ የምትቀር አንዲት አረንጓዴ የውሃ ዕቁር አለች። እግሬ ከእሷ አላልፍ አለኝ። ከታደሰ ጋር በመጣን ጊዜ አሰለፈች በበቅሎ ቀድማ ነበር፤ እኔ ልጁን አዝዬ ከኋላ እከተላለሁ። «አባዬ ጠማኝ» አለኝ። የያዝነው ውሃ በቅሎዋ ላይ ነበር። ከዚያች ዕቁር በእጄ ጨልፌ አጠጣሁት። ደስ ብሎት አገጩን በእጅጌዬ ጠረገ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የአማቴን ኩሬ የረገምኩ ሰው ይህን እያወቅሁ ነው የረገምኩት።

ሐሙስ፣ አማቴ ቤት

ብርቄ ስታየኝ የእናቷ ቀሚስ ውስጥ ተደበቀች። አሰለፈች ከስታለች፤ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ብዙ ቆየች። የአማቴን ጉልበት ስሜ ስነሣ «እንኳን በደህና ገባህ ልጄ» አሉና ውሃ አቀረቡልኝ። የቀረበልኝን ውሃ በእሳቸው ፊት መልሼ በፊልትሮ ገፋሁት። ለባቡር ተሳፋሪ ሁሉ ያስረዳሁትን ለእሳቸው አላስረዳሁም፤ ዕቃው ራሱ ይንገራቸው ብዬ ነው።

ወይዘሮ በላይነሽ ዓይናቸውን ከፊልትሮው ሳያነሱ «እንዲህ ያለ ነገር ያኔ ቢኖረን ኖሮ» አሉ።

እኔ እጀታውን መግፋቴን ቀጠልኩ። አፍሬ ነው ብል ውሸት ነው፤ እፎይ ነው ያልኩት።

ዐርብ ቀኑን ለመንገድ የሚሆነውን ውሃ አጣርቼ በሁለት ቅል ሞላሁ። ቅዳሜ ጠዋት የአገሩን ሽማግሌዎች ልሰናበት ወጣ ብዬ ስመለስ ዕቃው ሁሉ ተጭኖ፣ በሶውና ዳቦ ቆሎው ተቋጥሮ ጠበቀኝ። አማቴ ብርቄን አገላብጠው ሳሟት። እኔንም ሳሙኝ።

እሑድ፣ ኩሬው ዳር

ፀሐዩ ከጠበቅሁት በላይ ሆነ። በማግስቱ እኩለ ቀን ሁለቱም ቅሎች ባዶ ሆኑ። ሞጆ ገና የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ብርቄ ከማልቀስ አልፋ ከንፈሯን መላስ ጀመረች። ያ ነጋዴዎቹ የጠጡበት ኩሬ ዳር አወረድኳቸውና ፊልትሮውን አወጣሁ።

እጀታውን ገፋሁ። አንዲት ጠብታ የለም። ደግሜ ገፋሁ። ቱቦውን ፈታሁት፤ የወይራ ጭስ ሽታ ፊቴን መታኝ። ነጩ ሸክላ ጠቁሯል፣ ጣቴ ላይም ቅባት አለ።

«ምን ሆነ ይሄ?» አልኳት።

«እማዬ ነች» አለች አሰለፈች። «ትናንት ጠዋት ከወተት ዕቃው ጋር በወይራ አጠነችው፣ ቅቤም አስነካችው። ‹የልጄ ልጅ የምትጠጣበት ዕቃ ሳይታጠን አይወጣም› ብላ። ምነው፣ ጥፋት ነው?»

ተናድጄ መልሼ ገጠምኩትና በሁለት እጄ ገፋሁ። አንድ ነገር ውስጡ ቀጭ አለ። ወዲያው ውሃው ቧ ብሎ ጣሳውን ሞላ። ከኩሬው ውሃ ትንሽ ብቻ ይጠራል፤ ለማያውቅ ሰው ንጹሕ ይመስላል።

«ተመስገን፣ ሠራ!» አለች አሰለፈች። ብርቄ ሁለት እጇን ዘረጋች።

ጣሳውን ወደ አፏ አስጠግቼው ነበር፤ አልክድም። ለሰው ሁሉ ያወራሁለት ዕቃ ነው፤ ሁለት ሳምንት የለፋሁበት፣ አማቴን ዝም ያሰኘሁበት። ቀጭ ያለውን የሰማሁት ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። የልጅቷ ጣቶች ቆርቆሮውን ሲይዙ ደፋሁት። ብርቄ ጮኸች።

«ምን ነካህ?»

«ተሰብሯል።»

«ውሃው ይወርዳል እኮ!»

«የሚወርደው ስለ ተሰበረ ነው» አልኳት።

ከመንገዱ ወጣ ብሎ የአንዲት ባልቴት ጎጆ ይታያል። ልጅቷን ታቅፌ በሩጫ ደረስኩ። ውሃ እንዲያፈሉልን ለመንኳቸው።

«ወጥ የሌለበት ውሃ ይቀቀላል እንዴ?» አሉ ባልቴቷ። «ኩበቴን ለውሃ ላንድድ? ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ!» እያጉረመረሙ ግን ሦስት ኩበት ጨመሩ። ውሃው ፈላ። እስኪበርድ መጠበቁ ነው የከበደኝ። ባልቴቷ ጣሳውን ነፋሱ ላይ አቆሙት፤ አሰለፈች ልጅቷን እያባበለች ወዲያ ወዲህ ትላለች። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ስለ እማማ በላይነሽ አሰብኩ። ልጅ ገደሉ የተባሉ ሴት ናቸው። እኔ ያላስረዳኋቸውን ዕቃ አንሥተው፣ የሚያውቁትን ንጽሕና ሁሉ አደረጉለት።

«አሰለፈች» አልኳት። «ታደሰን ውሃ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። አንቺ ቀድመሽ ሳለ፣ ደረቁ ወንዝ ውስጥ። ከዕቁር።»

መራመዷን አቆመች። ብዙ አየችኝ። ከዚያ ጣሳውን በከንፈሯ ነካ አድርጋ መብረዱን አረጋገጠችና ብርቄን አጠጣቻት።

«ይሄን ለእኔ አይደለም የምትነግረው» አለች። «ለእናቴ ነው።»



ቂርቆስ

ሰኞ ማታ ቤታችን ገባን። ብርቄን ሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ሆዷን እየዳበስኩ ጠበቅሁ፤ አልታመመችም። በስምንተኛው ቀን ለአማቴ ደብዳቤ ጻፍኩ። ወይዘሮ በላይነሽ ፊደል አይቆጥሩም። ደብዳቤ ሲደርሳቸው ቄሱ ናቸው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም የሚያነቡላቸው፤ ጎረቤቱም ተቀምጦ ይሰማል። ይህን እያወቅሁ ነው የጻፍኩት። በታደሰ ቀብር ላይ የሰማኝ ሰው ሁሉ ይስማኝ ብዬ ምንም ሳልሸፋፍን፣ ዕቁሯንም ቋጥኙንም ጠቅሼ ጻፍኩ።

ሥራ ቦታ አሁንም ለመንገድ የቱን ልግዛ ብሎ የሚጠይቀኝ አለ። ፊልትሮው ጥሩ ነው እላለሁ፣ ለብቻው ከሆነ ግን አትመኑት፤ ድስትም ያዙ። አብሯችሁ ለሚሄደውና ለምታድሩበት ቤት ሰው ሁሉ አሠራሩን አስረዱ፤ በተለይ ለተቀየማችሁት። ሸምሱ ይህን ሲሰማ ይስቃል። ይሳቅ፣ እውነቱ የእሱ ነበር።

ዐቢይ ጾም እንደ ገባ የእህል ነጋዴው ከለገሃር አንድ ቁና ሽምብራ ይዞልን መጣ። ወረቀት የለውም፤ መልእክቱን በቃሉ ነው ያመጣው።

«አማትህ እንዲህ ብለዋል» አለኝ። «‹ደብዳቤው ሁለት ጊዜ ተነበበልኝ፤ ሁለተኛውን ይደገም ያልኩት እኔ ነኝ። ለፋሲካ ልጅቷን አምጡልኝ። ውሃውን አፈላለሁ፤ ኩበቱን ከአሁኑ እያደረቅሁ ነው።›»