ሳሎንታይ ቪልሞሽ ተሰናበተ፣ እንደገናም ተሰናበተ

በሃንጋሪዋ ፔች ከተማ ሳሎንታይ ቪልሞሽን የማያውቅ አልነበረም፤ ይህንን ደግሞ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ራሱ ነው። ፀጉሩን ትከሻው ላይ ለቅቆ፣ የቫዮሊን ሳጥኑን እንደ ታቦት አቅፎ ሲያልፍ ሰላም የሚለው ቀድሞ እጅ የነሣውን ብቻ ነበር።

በፒያኖ የምታጅበው ኤቴልካ ናት። በወጣትነታቸው ቡዳፔስት አብረው ተምረዋል። ያኔ፣ እውነት ለመናገር፣ ይጫወት ነበር፤ ዕድሜዋን ሙሉ ከኋላው ያስቀመጣትም በተማሪዎች አዳራሽ የሰማችው ያ ድምፅ ነው። በኋላ ግን ልምምዱን ተወው። አንድ ኦርኬስትራ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ቢያስቀምጠው አኩርፎ ወደ ትውልድ ከተማው ተመለሰና «ቡዳፔስት ጠበበችኝ» እያለ ያወራ ጀመር። መድረክ ላይ ሲስት ኤቴልካ ፒያኖውን ከፍ አድርጋ ትሸፍንለታለች፤ ጭብጨባውን የሚወስደው እሱ ነው።

ሃምሳ ዓመት ሲሞላው የሚመጣው ሰው እየሳሳ ሄደ። ቪልሞሽም ትከሻዬን አመመኝ ብሎ የስንብት ኮንሰርት አወጀ። ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሴቶቹ ተላቀሱ፤ ሹማምንቱ የክሪስታል የአበባ ማስቀመጫ ሸለሙት። ጸደይ ሲገባ ትከሻው ዳነ! በዓመቱ በዓይኑ አሳብቦ ተሰናበተ፤ ወንበሩ ግማሹ ባዶ ነበር። ዓይኑም ዳነ።

በሦስተኛው ዓመት ልምምድ ላይ ኤቴልካ፣

«ዘንድሮስ ምንህን ነው የሚያምህ?» አለችው።

«ልቤን።»

«ልብ አለህ እንዴ?»

«ቀልጂ አንቺ! ሕዝቡ ዋጋዬን የሚያውቀው ሲያጣኝ ነው።»

«እስቲ መጀመሪያ እንዲያጣህ ፍቀድለት።»

በኮንሰርቱ ምሽት ቪልሞሽ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ወዳጆቼ፣ ይህ የመጨረሻዬ ነው» ሲል፣ ሥጋ ሻጩ ቦዶ ከኋላ ጮኸ።

«ጋሼ ቪሊ፣ መውጫው ጠፋዎት እንዴ? በሩ በዚህ በኩል ነው!»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ቪልሞሽ በንዴት እንደቀላ መጫወት ቢጀምር ጣቱ ተንሸራተተና ዜማው ተበላሸ። አቆመ፤ ወደ ሕዝቡም ዞሮ፣

«ይቅርታ፣ አጃቢዬ አርጅታለች። ጥላኝ ትሮጣለች» አለ።

ኤቴልካ የፒያኖውን ክዳን ዘጋች።

«መሰናበት እንዲህ ነው፣ ቪልሞሽ» አለችና ኮቷን አንሥታ ወጣች። ጭብጨባው እስከ ደጅ ሸኛት።

እሱ ብቻውን ሲገዘግዝ ቆይቶ፣ ማንም ሳይጠይቀው ደጋግሞ እጅ ነሣ።

ከዚያ ወዲህ ኤቴልካ ዳንስ ለሚማሩ ሕፃናት ፒያኖ ትመታለች፤ የማንንም ስሕተት አትሸፍንም። ቪልሞሽ ካፖሽቫር ወደሚባል ሌላ ከተማ ሄዶ ሌላ አጃቢ አገኘ። እዚያ ተሰናብቶ ስለማያውቅ አዳራሹ ሞላለት፤ ሴቶቹም አለቀሱ አሉ። ጎረቤቷ ወሬውን ስታመጣላት ኤቴልካ የዓሣ ሾርባዋን ቀመሰችና በርበሬ ጨመረችበት።