በቅሎዋ የምታውቀው በር

ፋንታሁን ጎንደር ከተማ በአንድ ሆስፒታል ራጅ አንሺ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚያወጣት ቃል አንዲት ናት፤ «ትንፋሽ ያዝ፤ እንዳትነቃነቅ!» ከመልመዱ የተነሣ ቤቱም ይዟት ይገባል። የልጁን ልደት ፎቶ ሲያነሣ እንኳ ኬኩን የከበበውን ዘመድ አዝማድ «ትንፋሽ ያዙ!» ብሎ ሁሉንም ጉንጩን አስነፍቶታል። ሚስቱ ወይንሸት የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት፤ ብዙ አትናገርም፣ ነገር ግን አያመልጣትም። «የእኛ ቤት አልበም ያበጡ ሰዎች መዝገብ ነው» ትላለች።

አንድ ልጅ አላቸው፣ ሚስጥር። ስሟን ያወጣው ራሱ ፋንታሁን ነው። ምን አስቦ እንደሆነ ሲጠየቅ ወሬ ይቀይራል፤ ልጅቷ አፏን ከፈታች ጀምሮ አንድም ሚስጥር ሆዷ ውስጥ አድሮ አያውቅምና። ጎረቤት መጥቶ «ወይንሸት አለች?» ሲል «አለች፣ ግን የለችም በይ ብላኛለች» የምትል ልጅ ናት።

ሚስጥር አምስት ዓመት በሞላት ሰሞን አንድ የሕፃናት ሐኪም ሻይ ላይ ለፋንታሁን «ልጅ ከአሁን በኋላ ያየውን አይረሳም» አለው። ፋንታሁን ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ። የእሱ አባት፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ በበዓል ዋዜማ አንድ ቦታ ብቻ ይወስዱት ነበር፤ ወፍጮ ቤት። የልጅነት ትዝታህ ምንድን ነው ቢባል ዱቄት ነው የሚለው። ልጁ እንደዚያ አትሆንም። እናም ፀዳ ሰፈር ወዳለው ቤቱ እንደ ገባ ለወይንሸት አስታወቀ፤ ከእንግዲህ በዓል በመጣ ቁጥር ጉዞ አለ።

የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ሰሜን ተራሮች ሆነ። ሚስጥር ወለቃ ላይ የሸክላ በሬ አስገዛች። ዳባት ሳይደርሱ ቀንዱን ሰበረችው፤ ደባርቅ ሊደርሱ ሲሉ ደግሞ ቁርሷን አጠገቧ በነበሩ ቄስ ጋቢ ላይ አወጣችው። ተራራው ላይ ሲወጡ ጭጋጉ ዓይን ያሳውር ነበር። «አየሽ ልጄ፣ ይህ ገደል በዓለም...» እያለ ፋንታሁን ነጭ ነገር ያሳያል። በመጨረሻ ጭጋጉ ገለጥ ሲል የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ ታየ። ከመካከላቸው ትልቁ፣ ጎፈሩ ትከሻው ላይ የተዘናፈለ፣ ቀስ ብሎ ዞረና ቁጣ ቁጣ በሚለው ዓይኑ አያቸው።

ሚስጥር እጇን ዘርግታ በደስታ ጮኸች፤ «አባባ ዳኛው!»

ዳኛው የወይንሸት አባት ናቸው። ፋንታሁን ሚስቱን ላለማየት ወደ ገደሉ ዞረ። እውነቱን ለመናገር፣ ጋቢያቸውን ደርበው ፀሐይ ሲሞቁ ላያቸው ሰው ነገሩ ጨርሶ ሐሰት አልነበረም።

ለመስቀል ጉዞው ወደ እኒሁ አያት ቤት፣ ወደ ትክል ድንጋይ ሆነ። ሚኒባሱ ውስጥ ወይንሸት ልጇን ጭኗ ላይ አድርጋ መከረቻት።

«ሚስጥርዬ፣ የዝንጀሮውን ነገር ለአባባ አትንገሪ፣ እሺ?»

«እሺ።»

ፋንታሁንም ጎንበስ ብሎ ሹክ አላት። «አባዬ በቅሎ ይፈራል የሚለውንም።»

«እሺ።»

ይህች የበቅሎ ነገር የቆየች ናት። ወይንሸትን ሊያገባ ሽማግሌ በላከ ጊዜ አያ ዳኛው «ለመሆኑ በቅሎ ይችላል?» ብለው ጠይቀው ነበር። ከባጃጅ ሌላ ነገር ላይ ወጥቶ የማያውቀው የከተማ ልጅ «እንዴታ!» አለ። ልጅቱን ሰጡት። ከዚያ ወዲህ አማቶቹ ቤት በሄደ ቁጥር በቅሎዋ ባለችበት በኩል አያልፍም።

የአማቶቹ ቤት ከትክል ድንጋይ ከተማ ወጣ ብሎ ነው፤ በእግር ብዙም አይርቅም። ክረምቱ ገና ጓዙን ጠቅልሎ ስላልወጣ ጭቃው ጫማ ያወልቃል፤ ከጭቃው በላይ ያለው ሁሉ ደግሞ በአደይ ቢጫ ሆኗል። አያ ዳኛው ከነጋቢያቸው፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ እናኑ ከነመቀነታቸው ደጅ ድረስ ወጥተው ተቀበሏቸው። ጉንጭ ተሳመ፤ ጉልበት ተሳመ። ሚስጥር ገና መደብ ላይ እንደ ተቀመጠች አያቷን ከላይ እስከ ታች አየቻቸውና ጀመረች።

«አባባ፣ እርስዎን ተራራ ላይ አየንዎት። ሣር ይበሉ ነበር።»

ወይንሸት ዓይኗን ጨፈነች። አያ ዳኛው ግን ነገሩ ጣማቸው። «ኧረ! ብቻዬን ነበርሁ?»

«አይ፣ ብዙ ሚስቶች ነበሩዎት።»

«እኔስ ጠርጥሬ ነበር» አሉ ወይዘሮ እናኑ የእግር ውኃ እያቀረቡ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ፋንታሁንም ከሰው ጋር ሳቀ፤ ክፉው አለፈ ብሎ። ልጅቷ ግን አልጨረሰችም። «አባዬ ደግሞ በቅሎ ይፈራል። እንዳትናገሪ ብሎኛል።»

አያ ዳኛው ሳቃቸውን አቆሙና አማቻቸውን አዩት። አስተያየታቸው ከሽማግሌዎቹ ቀን ጀምሮ የነበረውን ዘመን ሁሉ መልሶ የሚመረምር ነበር።

«ልጅ ናት፤ ዝም ብላ ነው» አለ ፋንታሁን። «እንዲያውም ነገ ከሚስጥር ጋር በቅሎዋ ላይ ወጥተን ፎቶ እንነሣለን። ለትዝታ።»

«ሸጋ!» አሉ አያ ዳኛው።

በመስቀል ዕለት፣ ከምሳ በኋላ፣ ዳለቻዋ በቅሎ ኮርቻዋን ተጭና ደጅ ቀረበች።  ሰዎቹ አይተው እንዳላዩ ሲሆኑለት ፋንታሁን በርጩማ ላይ ቆሞ፣ ከበርጩማው ወደ ድንጋይ፣ ከድንጋዩ ወደ ኮርቻው ወጣ። ሚስጥርን ከፊቱ አስቀመጡለት። አያ ዳኛው ልጓሙን ይዘው ከጎን ቆሙ። ወይንሸት ስልኳን አነጣጠረች።

«ጋቢዎን ያስተካክሉ፣ አባዬ» አለች። አያ ዳኛው ለፎቶ የሚጨነቁ ሰው ናቸው፤ ጋቢያቸውን ሊያስተካክሉ ልጓሙን ለቀቁ። በዚያችው ቅጽበት ፋንታሁን እንደ ልማዱ «ትንፋሽ ያዙ! እንዳትነቃነቁ!» አለና ራሱ ከፍርሃቱ የተነሣ ሁለቱን ተረከዞቹን የበቅሎዋ ሆድ ላይ ጥርቅም አድርጎ አጣበቀ። በቅሎዋ ይህን ቋንቋ ታውቀዋለች። «ሂጂ» ማለት ነው።

ሄደች።

ደግነቱ ሰጋር በቅሎ ናት፤ አትዘልም፣ አትጋልብም፤ ውኃ በማይደፋ አካሄድ ሽው ትላለች እንጂ። ግን መቆም የሚባል ነገር ሐሳቧ ውስጥ አልነበረም። ፋንታሁን በአንድ እጁ ልጁን፣ በሌላው የኮርቻውን ጫፍ ሙጭጭ አድርጎ ይዞ ይለምናት ጀመር። ከድንጋጤው የተነሣ በቅሎዋን አንቱ አላት። «ይቁሙልኝ እባክዎ! እመቤቴ፣ ይቁሙ!»

«አባዬ፣ ፈጠን በላት!» ትላለች ሚስጥር እጇን እያጨበጨበች።

መንገድ ላይ የበዓል ልብሱን የለበሰ ሰው ሁሉ ዳር ይዞ ያሳልፋቸዋል። «እንኳን አደረሳችሁ!» ሲሉት ፋንታሁን እጁን ማንሣት አይችልምና ራሱን ብቻ ይነቀንቃል። «የአያ ዳኛው አማች ነው መሰል» አለ አንዱ ከኋላቸው፤ «ምነው እንዲህ ኮራ? ግን ሸጋ ይቀመጣል!»

ከተማው መግቢያ ላይ በቅሎዋ ከዋናው መንገድ ራሷ ታጠፈች፤ በአንድ አጥር ጥግ ዞረች፤ በራፉ ላይ ጣሳ የተደፋበት እንጨት የተተከለበት ቤት ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። ጠላ ቤት ነው። ቆማም አልቀረች፣ አፍንጫዋን በሩ ላይ አስጠግታ አናፋች።

የቤቱ ባለቤት ዝናሽ ጣሳ እንደ ሞላች ብቅ አለች። «አያ ዳኛው፣ ምነው ዛሬ በበዓሉ ቀን ዘገዩ? ቦታዎን እኮ ሰው እየቀማ...» አለችና ቀና ስትል ኮርቻው ላይ ሌላ ሰው አየች።

ፋንታሁንም ተደናገጠ። አማቱ በጨጓራቸው ምክንያት ሐኪም ጠላ ከከለከላቸው ሦስት ዓመት ሆኗል። በወይዘሮ እናኑ ፊት ቆመው፣ እጃቸውን አንሥተው «እናኑ ትሙት፣ ከእንግዲህ አንድ ጉንጭ አልቀምስም!» ብለው ሲምሉ እሱም ነበረ።

«አባባ ጠላ የሚጠጡት እዚህ ነው?» አለች ሚስጥር።

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

«የወይንሸት።»

«ውይ በሞትሁት!» ዝናሽ ጣሳውን ከጀርባዋ ደበቀች። «እኔ ምንም አላልሁ። ነይ ውረጂ የኔ እናት፣ ድፎ ዳቦ ልስጥሽ።»

ልጅቷ ወርዳ ዳቦዋን ስትጎርስ አያ ዳኛው ላባቸው እየተንጠፈጠፈ፣ ጋቢያቸው መሬት እየተጎተተ ደረሱ። በቅሎዋን አዩ፤ በሩን አዩ፤ ኮርቻው ላይ እንደ ተተከለ የቀረውን አማቻቸውን አዩ።

«ለምን አትወርድም?» አሉት፣ ሌላ የሚሉት ስላጡ።

«እግሬ እምቢ አለኝ። አያ ዳኛው፣ እኔ ምንም አላየሁም።»

«አንተስ አላየህም። እሷስ?»

ሁለቱም ወደ ሚስጥር ዞሩ። አፏን ሞልታ ታኝካለች።

አያ ዳኛው ተንበረከኩላት። እኒህ፣ ለአጥቢያ ዳኛ እንኳ አንገታቸውን የማይደፉ ሰው። «ልጄ፣ እማማ እናኑ የት ሄዳችሁ ካለችሽ ወንዙ ጋ በይ። በቅሎዋ ውኃ ጠምቷት ነው በይ። ይቺን ቤት አታንሺ። እሺ?»

«እሺ» አለች ሚስጥር።

ፋንታሁን ይህን «እሺ» ያውቀዋል። 

ሲመለሱ ልጅቷ በቅሎዋ ላይ እንደ ንግሥት ተቀምጣ፣ አያ ዳኛው ልጓም ስበው፣ ፋንታሁን ከኋላ በሁለት እግሩ መካከል በርሜል ያለ ይመስል ተንፈራጥጦ እየሄደ ነበር። ደጅ ቆመው የሚጠብቁት ሴቶች ደረታቸውን እየደቁ ተቀበሏቸው። ከገቡና ከተረጋጉ በኋላ፣ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት ቀርቦ ሁሉም ሲፈለፍል፣ ወይዘሮ እናኑ ጠየቁ።

«ወዴት ወሰደቻችሁ?»

«ወንዙ ጋ» አለ ፋንታሁን ቶሎ ብሎ።

«ውኃ ጠምቷት» አሉ አያ ዳኛው፣ ከእሱም ፈጥነው።

ሚስጥር ሁለት እጇን አፏ ላይ ከድና ተቀምጣለች። ዓይኗ ብቻ ይታያል።

«ምነው ልጄ፣ አፍሽን አመመሽ?» አሉ ወይዘሮ እናኑ።

ሚስጥር ራሷን ነቀነቀች። ትንሽ ታገለች። ጉንጯ እንደ አባቷ ፎቶዎች አበጠ። ከዚያ እጇን አነሣች። «ጠላ ቤት እንዳልል ተብያለሁ።»

የእሸቱ ፍልፈላ ቆመ። አያ ዳኛው አንዲት የበቆሎ ፍሬ በጣታቸው ይዘው ቀሩ። ወይንሸት አባቷን አየች፤ ባሏን አየች፤ እናቷን ለማየት ፈራች።

ወይዘሮ እናኑ ግን ረጋ ብለው የራሳቸውን ፍሬ ቆረጠሙ። «ይቺ በቅሎ ለእኔ ካወራችኝ እኮ ቆየች። ምነው፣ በሐምሌ እግርህን አሞህ በእሷ ገበያ የሄድሁ ጊዜ? የዝናሽ በር ላይ ስትደርስ ቀጥ አለች። ብገፋት፣ ብለምናት እምቢ። ዝናሽ ወጥታ ‹አያ ዳኛው› አለችኝ። እኔም ወረድሁና ቀመስሁ። ሸጋ ጠላ ነው።»

«ታዲያ ምነው እስከ ዛሬ ዝም አልሽ?» አሉ አያ ዳኛው፣ ድምፃቸው ከጋቢያቸው ውስጥ እየወጣ።

«በእኔ ምለህ የለም? እናኑ ትሙት እያልህ ስትጠጣ እሞት እንደሁ ብዬ ጠበቅሁ። ይኸው አለሁ። እንዲያውም ወፈርሁ።»

ቤቱ መሳቅ ፈልጎ አያ ዳኛውን ፈራ። ወይዘሮ እናኑ ቀጠሉ። «ለጨጓራህም አስቤልሃለሁ። ያን ጊዜውኑ ዝናሽን ‹ለእሱ ቅራሪ ስጪው› ብያት መጣሁ።»

አያ ዳኛው ከመደቡ ተነሡ። እስከ አሁን የነበረባቸው እፍረት ሁሉ ጠፋና የተበደለ ሰው ቁጣ መጣባቸው። «ቅራሪ! አተላው ላይ ውኃ ተደፍቶ የሚወጣውን፣ ለልጅ የሚሰጠውን ቅራሪ? ለእኔ? እኔ እኮ ምላሴን አሞኝ ነው ብዬ ጠበል ሁሉ ተጠምቄያለሁ!»

ያን ጊዜ ማንም ራሱን መግታት አልቻለም። ወይንሸት ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች። ፋንታሁን መሳቅ ጭኑን ያመዋል፤ እያቃሰተ ሳቀ። በመጨረሻ አያ ዳኛውም ተቀመጡና «ከዳተኞች» አሉ፤ በቅሎዋን ይሁን ሚስታቸውን፣ ዝናሽን ይሁን የልጅ ልጃቸውን፣ አልታወቀም፤ ጺማቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ወይዘሮ እናኑ ተነሥተው ከጓዳ አንድ ዋንጫ ይዘው መጡ። «ይኸው፣ የበዓል ነው። እውነተኛው። አንድ ብቻ።»

በማግሥቱ ወደ ጎንደር ሲመለሱ ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ፋንታሁን በአንድ ጎኑ ተንጠልጥሎ ተቀምጧል። ትናንት ሁሉም ስለ ተደናገጠ ፎቶው እንዴት እንደወጣ አላዩም ነበር፤ አሁን ወይንሸት ስልኳን ከፍታ አሳየችው። የበቅሎዋ ጅራት ብቻ ነው፤ እሱም ደብዝዟል። መስኮት መስኮቱን ማየት ጀመረ።

ከፊታቸው ዶሮ ያቀፉ አንዲት ሴትዮ ዞረው ሚስጥርን «በዓሉ እንዴት ነበር የኔ ቆንጆ?» አሏት። መጠየቅ አልነበረባቸውም።

«በቅሎ ይዛን ጠፋች!» አለች ሚስጥር። «ወንዙን ዘለለችው! አባዬ ወደቀ!»

«አልወደቅሁም» አለ ፋንታሁን።

«ወድቀሃል። በጅራቷ ይዛ ጎተተችህ።»

«ወንዝም አልነበረም፣ ሚስጥርዬ። እኛ እኮ የሄድነው...» አለና ትዝ ሲለው አቆመ። ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የትክል ድንጋይ ሰው ነው። ሁሉም አንገቱን ወደ ልጅቷ አስግጓል፤ ሹፌሩ እንኳ በመስተዋቱ እያየ ነው።

«ከዚያስ?» አሉ ባለ ዶሮዋ።

«ከዚያ እኔ ዘልዬ ወረድሁ። ከውኃው ውስጥ አወጣሁት። በግራ እጁ ይዤ።»

ሰው ሁሉ ወደ ፋንታሁን ዞሮ ይጠብቃል። እሱ ልጁን አያት። ዓይኗ ትናንት በቅሎዋ ላይ ሳለች እንደ ነበረው ያበራል።

«በቀኝ እጄ ነው» አለ ፋንታሁን። «ግራውንማ ጅራቷን ይዤበት ነበር።»